የውሃን ይዘትና ክብደት በቤት ዕቃዎች መለካት
ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ



ጀሪካን፣ ባልዲ፣ ጣሳና የውሃ ፕላስቲክ በየቤታችን አሉ። ኬሚካል የምንበጠብጠው፣ ችግኝ የምናጠጣው፣ ማዳበሪያ የምንሰፍረው በእነዚሁ ነው። ብዙ ጊዜ ግን የየዕቃው ልክ ሳይረጋገጥ በግምት ይሰፈራል። ግምት ምን ያህል እንደሚጎዳ በአንድ ምሳሌ እንይ።

በኬሚካሉ ዕቃ ላይ የተለጠፈው መመሪያ «ለ1 ሄክታር 1 ሊትር ኬሚካል በ200 ሊትር ውሃ» ይላል እንበል። ይህ ማለት ለ1 ሊትር ውሃ 5 ሚሊ ሊትር ነው። ስለዚህ 20 ሊትር ለሚይዝ መርጫ 100 ሚሊ ሊትር፣ 16 ሊትር ለሚይዝ ደግሞ 80 ሚሊ ሊትር ይበቃል። 16 ሊትር የሚይዘውን መርጫ «20 ነው» ብሎ 100 ሚሊ ሊትር የጨመረ ሰው ብጥብጡን በ25 በመቶ አጠንክሮታል፤ ገንዘቡ ይባክናል፣ ሰብሉም ሊጎዳ ይችላል። 80 ሚሊ ሊትሩን በ20 ሊትር የበጠበጠ ደግሞ በ20 በመቶ አሳስቶታል፤ አረሙ ወይም ተባዩ ሳይሞት ሊቀር፣ እያደርም ኬሚካሉን ሊላመድ ይችላል።

1. ሊትርና ኪሎ ምን ያገናኛቸዋል?

ይዘት ማለት ውሃው የሚይዘው ቦታ ሲሆን በሊትር ይለካል። ክብደት በሚዛን የሚታወቀው ኪሎ ነው። 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 1 ኪሎ ይመዝናል። ውሃ ሲሞቅ በጥቂቱ ስለሚሰፋ በ25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ 1 ሊትር 997 ግራም ገደማ ይሆናል፤ የ3 ግራም ልዩነት ግን ለእርሻ ሥራ አያሳስብም። ስለዚህ ሚዛን ያለው ሰው ሊትርንም መለካት ይችላል።

2. በሚዛን አለካክ

ሀ. ባዶውንና ደረቁን ጀሪካን መዝኑ። ለምሳሌ 1.1 ኪሎ ይሁን።
ለ. እስከ አፉ ንጹሕ ውሃ ሞልታችሁ መዝኑ። 22.3 ኪሎ ሆነ እንበል።
ሐ. የባዶውን ቀንሱ፤ 22.3 ሲቀነስ 1.1 እኩል ይሆናል 21.2። ጀሪካኑ እስከ አፉ 21.2 ሊትር ይይዛል ማለት ነው።
መ. ሚዛኑ 21.1 ኪሎ እስኪያሳይ ውሃ ቀንሱ። ጀሪካኑን ደልዳላ ቦታ አቁማችሁ ውሃው የደረሰበት ላይ መስመር አስምሩ። የ20 ሊትር ልኩ ይህ ነው።

የጀርባ መርጫውንም በዚሁ መንገድ ለኩ፤ ከመለካቱ በፊት በደንብ ይታጠብ። ድፍርስ ውሃ አፈር ስለያዘ ክብደቱ ይጨምራልና አትጠቀሙ።

3. ሚዛን ከሌለ

ያልተከፈተ የ2 ሊትር የታሸገ ውሃ ውሰዱ። ከመክፈታችሁ በፊት ውሃው የደረሰበትን መስመር ምልክት አድርጉ። እስከዚያ መስመር እየሞላችሁ 10 ጊዜ ስትገለብጡ 20 ሊትር ይሆናል። በግማሽ ሊትር ፕላስቲክ መስፈር 40 ጊዜ ስለሚፈጅ በእያንዳንዱ የምትፈጠረው ትንሽ ስህተት ተደማምራ ትበዛለች። መስመሩን ከላይ ሆናችሁ ሳይሆን ዓይናችሁን ከውሃው እኩል ዝቅ አድርጋችሁ አንብቡ።

ለኬሚካል 10 ወይም 20 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሲሪንጅ ይሻላል። የጠርሙስ ክዳን እንደየዓይነቱ ስለሚለያይ በሲሪንጅ ሳይለካ አይታመንም። ኬሚካል የተለካበት ዕቃ ለምግብም ለመጠጥም አይመለስም፤ ልጆች ከማይደርሱበት ይቀመጥ።

4. ሊትርን እንደ ኪሎ የምንቆጥረው ለውሃ ብቻ ነው

1 ሊትር የሚይዝ ጣሳ ዩሪያ ቢሞላ 750 ግራም ገደማ ብቻ ይመዝናል። ስለዚህ 50 ኪሎ የፈለገ አርሶ አደር 50 ጣሳ ቢሰፍር ያገኘው 37.5 ኪሎ ገደማ ነው። ማር በተቃራኒው 1 ሊትሩ 1.4 ኪሎ አካባቢ ይከብዳል። ማዳበሪያም ማርም በሚዛን ይመዘኑ።

5. የመስኖ ውሃን መለካት

ልኩ የታወቀ ጀሪካን ወይም ባልዲ የቦዩን ውሃ ለመለካትም ያገለግላል። ውሃውን በቱቦ ወይም በቆርቆሮ አንድ ላይ አፍስሳችሁ 20 ሊትሩ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ በሰዓት ያዙ። በ10 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ 2 ሊትር፣ በሰዓት 7,200 ሊትር ነው።

በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውሃ ማለት 1 ሊትር ነው። ስለዚህ ሩብ ሄክታር፣ ማለትም 2,500 ካሬ ሜትር፣ 20 ሚሊ ሜትር ለማጠጣት 50,000 ሊትር ያስፈልጋል። ከላይ ባለው ቦይ 7 ሰዓት ገደማ ይፈጃል ማለት ነው፤ በመንገድ የሚሰርገው ሳይቆጠር። የውሃ ተራ ስትደለድሉ ይህን ስሌት ከያዛችሁ ክርክሩ ይቀንሳል።

የተግባር ሥራ

እያንዳንዳችሁ በዚህ ሳምንት አንድ ጀሪካንና የራሳችሁን መርጫ ለክታችሁ መስመር አስምሩ፤ ልኩን በማይለቅ ቀለም ጻፉበት። ከዚያም ለተከታዮቻችሁ አርሶ አደሮች በተግባር አሳዩ። ሚዛን ከሌላችሁ የቀበሌያችሁን የልማት ሠራተኛ ጠይቁ። የርጭት ወቅት ከመድረሱ በፊት ይጠናቀቅ።