ባለ ፎቅ የአፈር ቤት

ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ወጥቶ ወደ መስቀል አደባባይ የሚያቀና መንገደኛ ግራና ቀኙን የሚያየው በመስታወት የተለበጠ ፎቅ ነው። መስታወት የፀሐይን ሙቀት ያስገባል እንጂ በቀላሉ አያስወጣም። ስለዚህም ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ በተቀመጠች፣ አየሯ ለሰው በሚስማማ ከተማ ውስጥ ማቀዝቀዣ ይገጠማል።

አዲስ አበባ ለረጅም ዘመን የተሠራችው ግን በጭቃ ነው። የባሕር ዛፍ ቋሚ ይተከላል፣ ማገር ይመታል፤ ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ይቦካል፣ ሰንብቶም ይመረጋል። ሲደርቅ ሁለተኛ ምርጊት ይደገምለታል፣ በመጨረሻ ይለሰናል። ጭዱ ግድግዳው እንዳይሰነጣጠቅ አፈሩን አስተሳስሮ ይይዘዋል። አፈር ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ቀስ እያለ ይመልሳል፤ ቀኑ ፀሐይ ሌሊቱ ብርድ ለሆነ አገር ከዚህ የተሻለ ግድግዳ ማግኘት ከባድ ነው። እቶንም አይፈልግም። ሲሚንቶ ግን ጥሬ ዕቃው እስከ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጋያል፤ ከዓለም የካርቦን ልቀት ከመቶ 7 እስከ 8 የሚሆነው ከዚሁ ኢንዱስትሪ ይወጣል።

የጭቃ ቤት ስሙ የጠፋው በአፈሩ ጥፋት አይመስለኝም። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን ለመንግሥት ካደረገ በኋላ ብዙዎቹ የቀበሌ ቤት ሆኑ። ኪራያቸው እጅግ ዝቅተኛ ስለነበር ጥገናውን አልቻለም፤ ተከራዩም የራሱ ያልሆነውን ቤት ለማደስ አልደፈረም። ምርጊት ደግሞ በየጊዜው ካልታደሰ ዝናብ ይበላዋል። የምናየው ያዘመመ ግድግዳ የዚያ ሁሉ ዓመት ቸልታ ውጤት ነው።

አንድ እውነተኛ ጉድለት ግን አለበት፤ የአዲስ አበባው የጭቃ ቤት ወደ ላይ አይወጣም። መሬት ሲወደድ ባለ አንድ ወለሉ ሰፈር ይፈርሳል፣ ሀብታምና ድሃ፣ ክርስቲያንና ሙስሊም፣ ከየብሔሩ የመጣ ሰው በአንድ ግቢ ቡና የሚጣጣበት ኑሮም አብሮ ይበተናል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ይህንን በዓይናችን አይተናል።

መልስ ፍለጋ ከተሞከሩት ሥራዎች አንዱ ልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ሰዉ ሕንፃ ኮሌጅ በሚለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተቋም ግቢ ተሠርቷል። ከ2002 እስከ 2003 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ኮሌጁ ከዙሪኩ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ፣ ዲርክ ሄበልና ፊሊፕ ብሎክ የተባሉ ምሁራን የተሳተፉበትን ባለ አንድ ፎቅ የአፈር ቤት አቆመ፤ ሱዱ ይባላል። የምድር ቤቱ ግድግዳ እርጥበት ያለው አፈር በቅርጽ ማውጫ ውስጥ በንብርብር እየተደለደለ የተጠቀጠቀ ነው፤ የላይኛው የአፈር ጡብ።

ዋናው ብልሃት ወለሉ ላይ ነው። አፈር ሲጫኑት ይችላል፤ ሲለጥጡት ወይም ሲያጎብጡት ይሰበራል። ጠፍጣፋ ሶሌታ ብረት የሚፈልገው ስለዚህ ነው። መሐንዲሶቹ ወለሉን ቅስት አደረጉት። ከአፈር የተጨመቁ ስስ ንጣፎች በቅስት ሲደረደሩ ክብደቱ በመጫን ብቻ ወደ ግድግዳው ይወርዳል፤ ብረትም የእንጨት ምሰሶም አያሻም። ዘዴው በስፔኗ ካታሎኒያ ለዘመናት ሲሠራበት የኖረ ነው። እኛም ብንሆን ለፎቅ እንግዳ አይደለንም፤ የላስታ ክብ ቤቶች ከድንጋይና ከጭቃ በሁለት ደርብ ተሠርተው ቆመዋል።

ሱዱን የሚያህል ሌላ ማስረጃ መካኒሳ አለ። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ የከፈቱት ዞማ ሙዚየም ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፤ ላዩ ላይ የወጣው ጌጥ ምርጊት ምን ያህል ጥበብ እንደሚሸከም ያሳያል።

ከአውሮፕላን ማረፊያው ጎን ካለው ገርጂ አንስቶ እስከ ሰሚት ላለው ምሥራቃዊ ከተማ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዚያ በኩል በብዛት ያለው መረሬ ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ለግድግዳም ለመሠረትም አይበጅም። ቀይ አፈር ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት፤ መሠረቱም በድንጋይ ከፍ ማለት፣ የጣሪያው ክፈፍም ረዘም ማለት ይኖርበታል።

ቤት ለመሥራት የምታስቡ ሁሉ፣ ዞማ ሄዳችሁ ግድግዳውን በእጃችሁ ዳስሱት፤ ብሎኬት ከማዘዛችሁም በፊት አፈራችሁን በባለሙያ አስመርምሩ።