የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ወደ ቤታችን ይግባ

በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሣው ጉዳይ በገለምሶ፣ በበዴሳ፣ በጭሮና በአካባቢው ከተሞች ያሉ ወላጆችን ሁሉ ይመለከታል። ይኸውም ልጆቻችን ንባብን ወደው እንዲያድጉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ምን ሊያደርግ ይችላል የሚለው ነው።

የገለምሶ ልጅ አንደኛ ደረጃን ሳይጨርስ ሦስት ዓይነት ፊደል ይገጥመዋል። ቁርኣን ቤት ሉሑን ይዞ ዐረብኛውን ከቀኝ ወደ ግራ ይቀራል። ትምህርት ቤት ሲገባ በአፋን ኦሮሞ ስለሚማር ቁቤውን ከግራ ወደ ቀኝ ያነባል። ከዚያም አማርኛ ይመጣል፤ ከ200 በላይ ፊደላት ይዞ። እያንዳንዱ የራሱ ፈተና አለው። የዐረብኛው ፊደል በቃል መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ላይ መልኩን ይለውጣል። በቁቤ አናባቢው ሲደገም ትርጉሙ ይለወጣል፤ «መሬት» የነበረው ቃል «ለስላሳ» ይሆናል። በአማርኛ ደግሞ «አለ» የሚለውን አጥብቆ ወይም አላልቶ ማንበቡን የሚነግረው ምልክት የለም፤ ከዐረፍተ ነገሩ ይረዳል እንጂ። ሦስቱንም የሚወጣ ልጅ ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ ብዙዎቻችን ግን ይህን እንደ ሥራ አንቆጥርለትም።

ታዲያ ችግሩ የቱ ላይ ነው? ልጁ እያንዳንዱን ፊደል እየለቀመ የሚያነብ ከሆነ፣ ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል። የማይገባውን ነገር ደግሞ ማንም አይወድም። ዐይኑ ቃሉን እንዳየ የሚያውቀው ብዙ ካነበበ በኋላ ነው፤ ለዚህም አንድ የመማሪያ መጽሐፍ አይበቃም። የመማሪያ መጽሐፉን ታሪኮች ደጋግሞ ስለሚሰማቸው በቃሉ ይይዛቸዋል። ሱራ በቃሉ የያዘ ልጅ ሙስሐፉን ገልጦ ሲቀራ ፊደሉን እያየ ሊመስለን እንደሚችል ሁሉ፣ እዚህም እንታለላለን። መለየት ከፈለጋችሁ መካከል ገጽ ገልጣችሁ አንድ ቃል በጣታችሁ አመልክቱት። በ2002 ዓ.ም በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ለክፍላቸው ከተዘጋጀ አጭር ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር።

ቤተ መጻሕፍት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ልጁ አይቶት የማያውቀውን፣ ፈተና የማይወጣበትን፣ ራሱ የመረጠውን ታሪክ የሚያገኘው እዚያ ነው። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆነው ሲሠሩ ቆይተው አገራቸው ተመለሱ፤ በ1995 ዓ.ምም አዲስ አበባ ሾላ ሰፈር የልጆች ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። ቀጥሎም በሐዋሳ መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ ወደ ልጆች መውሰድ ተጀመረ። በጎረቤታችን ኬንያም ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጋሪሳ በኩል ለአርብቶ አደር ልጆች መጻሕፍት በግመል ተጭነው ሲሄዱ ቆይተዋል። በእኛ ሐረርጌ አህያም ግመልም ቸግሮን አያውቅም!

በብዙ ትምህርት ቤቶች ግን መጽሐፉ ቢኖርም ክፍሉ ተቆልፎ ይውላል። ይህን የምንለው መምህራንን ለመውቀስ አይደለም። ቤተ መጻሕፍቱ የተሰጠው መምህር የንብረት ኃላፊ ነው፤ መጽሐፍ ቢጠፋ የሚጠየቀው እርሱ ነው። ስለዚህ ከማበደር መቆለፍ ይቀለዋል። ማንም በእርሱ ቦታ ቢሆን እንዲሁ ያደርግ ነበር። መፍትሔው በወላጅ መምህር ኅብረት እጅ ነው። በዓመቱ መጀመሪያ ተሰብስቦ፣ በአገልግሎት የሚያልቅና የሚጠፋ ጥቂት መጽሐፍ እንደሚኖር ተቀብሎ፣ ይህንኑ በቃለ ጉባኤ ቢያሰፍርለት መምህሩ በሩን ይከፍታል። የውሰት መዝገቡም ውድ ነገር አይደለም፤ የልጁ ስም፣ የመጽሐፉ ርእስ፣ የወጣበትና የተመለሰበት ቀን የሚጻፍበት አንድ ደብተር ነው።

መጽሐፉ ቤት ከገባ በኋላስ? ማንበብ የማትችል እናት ምን ታድርግ እንባላለን። ልጇ ጮክ ብሎ ያንብብላት፤ እርሷም «ከዚያስ?» ትበለው። አባትም ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ከሆነ (ስለ ጫቱ በሌላ ዝግጅት ኢንሻአላህ እንመለስበታለን) ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ ሁለት ገጽ ማዳመጥ አያቅተውም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከበድር ምርኮኞች መጻፍና ማንበብ የሚያውቁት የመዲና ልጆችን በማስተማር ነፃ እንዲወጡ ማድረጋቸው በሲራ መጻሕፍት ተዘግቧል። ራሳቸው ማንበብና መጻፍ የማይችሉት ነቢይ ለልጆች ንባብ የሰጡት ዋጋ ይህን ያህል ነበር።

ሌላው ጥያቄ በአፋን ኦሮሞ የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት ማነስ ነው። ለዚህ ከውጭ ብቻ መጠበቅ የለብንም። ማታ ማታ አያቶች የሚያወሩት ዱርዱሪ፣ ልጆች የሚጠያየቁት ሂቦ በየቤቱ ሞልቷል። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ከአያቶቻቸው ሰምተው በጥሩ እጅ ጽሕፈት ቢጽፉት፣ ሥዕል ቢጨምሩበትና በክር ቢሰፉት ለታናናሾቻቸው መጽሐፍ ይሆናል። ሐረር ለዘመናት ኪታቦችን በእጅ ስትጽፍና በቆዳ ስትጠርዝ የኖረች ከተማ ናት፤ ሥራው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በመጽሐፉ ሽፋን ላይ ታሪኩን የተናገሩት አያት ስም ይጻፍ። የመጀመሪያዎቹ ተዋሾች የእኚያ አያት የልጅ ልጆች ይሆናሉ፤ መጽሐፉም ቶሎ ስለሚቀዳደድ ሁለት ሦስት ቅጂ ማዘጋጀት ይሻላል።