ኦስዶርፕ፡ በወረርሽኙ የባከነውን ትምህርት ማካካስ ለምን ከበደ?

መጋቢት 7/2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያም ኔዘርላንድስም በኮሮና ሳቢያ ትምህርት ቤቶቻቸውን ዘጉ። በኢትዮጵያ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ለወራት ከቤት ሲውሉ፣ የኔዘርላንድስ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በስምንት ሳምንታት ውስጥ በከፊል ተከፈቱ። ፈጣን ኢንተርኔት በየቤቱ በገባባት አገር ጉዳቱ ቀላል መሆን ነበረበት።

አልሆነም። ፐር ኤንግዜል እና ባልደረቦቹ እአአ በ2021 ያሳተሙት ጥናት የ350 ሺህ ገደማ ተማሪዎችን ውጤት መርምሯል። አማካዩ ተማሪ ያጣው የአንድ የትምህርት ዘመን አንድ አምስተኛ ያህል ነው፤ ይህም ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከቆዩበት ጊዜ ጋር እኩል ነው። በሌላ አነጋገር፣ ከቤት ሆኖ መማሩ ያስገኘው እውቀት ከምንም አይቆጠርም። ወላጆቻቸው ብዙም ባልተማሩ ልጆች ዘንድ ደግሞ ጉድለቱ እስከ 60 በመቶ ከፍ ብሏል።

በምዕራብ አምስተርዳም የምትገኘው ኦስዶርፕ በርካታ የቱርክ እና የሞሮኮ ዝርያ ያላቸው ቤተሰቦች የሚኖሩባት ሠፈር ናት። የቤት ሥራውን ቋንቋ አጥርቶ የማያውቅ ወላጅ ልጁን ማስጠናት ምን ያህል እንደሚቸግረው በስደት የሚኖሩ ሐበሾችም አያጡትም።

ጉዳዩ የውጤት ብቻ አይደለም። በኔዘርላንድስ ልጆች በ12 ዓመታቸው ገደማ፣ በመምህራን ምክረ ሐሳብ፣ ወደ ሙያ ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲ በሚያመራ መስመር ይመደባሉ። በፈተና ከተጠበቀው በላይ ያመጣ ልጅ ምክረ ሐሳቡ ሊሻሻልለት ይችል ነበር። እአአ በ2020 ግን ፈተናው ተሰረዘ፤ ዝቅ ተደርገው የተገመቱ ልጆች ያቺን ዕድል አጡ።

መንግሥት በየካቲት 2013 ዓ.ም. የ8.5 ቢሊዮን ዩሮ ፕሮግራም ይፋ አደረገ። ትምህርት ቤቶች በጥናት ከተደገፉ አማራጮች እንዲመርጡ ተደረገ፤ የክረምት ትምህርት እና በትንንሽ ቡድን የሚሰጥ ማስጠናት ከእነዚህ መካከል ናቸው። ማስጠናት ውጤታማ የሚሆነው አንድ አስጠኚ ጥቂት ልጆችን በሳምንት ደጋግሞ ሲያገኝ ነው። ችግሩ ሰው ነው። በአምስተርዳም፣ በሮተርዳም እና በሄግ የመምህራን እጥረቱ ከወረርሽኙ በፊትም የከፋ ነበር፤ ገንዘብ ደግሞ በአንድ ጀምበር መምህር አያፈራም።

እአአ በ2022 በተካሄደው ዓለም አቀፉ የፒዛ ምዘና፣ ከ15 ዓመት የኔዘርላንድስ ተማሪዎች አንድ ሦስተኛው በንባብ ከመሠረታዊው ደረጃ በታች ሆነዋል። ቁልቁለቱ ከኮሮና በፊት የጀመረ በመሆኑ ሁሉንም በወረርሽኙ ማሳበብ አይቻልም።

ከ2023/24 የትምህርት ዘመን ወዲህ ግን፣ ልጁ በፈተናው የተሻለ ውጤት ካመጣ ትምህርት ቤቱ ምክረ ሐሳቡን ከፍ እንዲያደርግለት በሕግ ይገደዳል፤ የማያደርግ ከሆነ ምክንያቱን ማስረዳት አለበት።