የሥጋ ደዌ ሪአክሽንና የነርቭ ጉዳት

የነርቭ ሕመምና የሰውነት መከላከያ ኃይል ከሚገናኙባቸው በሽታዎች አንዱ ሥጋ ደዌ ነው። የበሽታው ባክቴሪያ በቆዳና በነርቭ ውስጥ በዝግታ ይራባል። እጅና እግርን በአጭር ጊዜ የሚያሰንፈው ግን በአብዛኛው መከላከያ ኃይሉ ባክቴሪያውን ሲዋጋ በነርቩ ላይ የሚያስከትለው ብግነት ነው። ይህም ሪአክሽን ይባላል።

ሪአክሽን ከሕክምናው በፊት፣ በሕክምናው ወቅት ወይም ከተፈጸመ በኋላ ሊከሠት ይችላል። ስለዚህ የ6 ወይም የ12 ወር ጥምር መድኃኒቱን የጨረሰ የሱሉልታ ገበሬ ማጭድ መጨበጥ አቃተኝ ብሎ ሲመጣ፣ «በሽታው ድኗል» ብሎ መመለስ ስሕተት ነው።

ምርመራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ሕመምተኛው ዐይኑን እንዲጨፍን፣ ትንሿን ጣቱን ወደ ጎን፣ አውራ ጣቱንና የእግሩን ፊት ወደ ላይ እንዲያነሣ ማድረግ፤ የመዳፉንና የውስጥ እግሩን ስሜት በእስክሪብቶ ጫፍ መፈተን፤ ነርቮቹ ማበጣቸውንና ማመማቸውን መዳሰስ ነው።

ጉዳቱ ከ6 ወር ያልበለጠ ከሆነ፣ ፕሬድኒሶሎን ተጀምሮ በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ሲሰጥ ነርቩ ሊያገግም ይችላል። አስቀድሞ የሳንባ ነቀርሳ፣ የስኳር በሽታና የአንጀት ትላትል መኖራቸውን ማጣራት ያስፈልጋል። ጥምር መድኃኒቱን ያልጨረሰ ሕመምተኛ ማቋረጥ የለበትም።

ጉዳዩ ከጤና ጣቢያው ዐቅም በላይ ሲሆን፣ በ1965 እ.ኤ.አ. ወደተመሠረተው የአዲስ አበባው አለርት ሆስፒታል ሳይዘገዩ መላክ ይገባል። እንጦጦን ተሻግሮ ለመሄድ ገበሬው ጊዜ ሊወስድበት ስለሚችል፣ የነርቭ ፍተሻው በመጣበት ዕለት ይደረግ። ስሜቱን ያጣ እጅ እሳትና ስለት አይለይም።