ማዳበሪያ ጆንያ አይደለም

በገበያ ቀን ከፋርጣ ገጠር ወደ ደብረ ታቦር በአህያ ተጭኖ የሚገባው ገብስ፣ ድንችና ባቄላ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በነጭ ከረጢት ነው። አንዱ ጆንያ ይለዋል፣ ሌላው ማዳበሪያ። ሁለቱ ስሞች እንደ ልብ ስለሚቀያየሩ፣ አካባቢን ስለማይጎዳ ዕቃ ወሬ በተነሳ ቁጥር «እኛማ ድሮም በጆንያ ነው የምንጭነው» የሚል መልስ አይጠፋም። ስለ ተፈጥሮ ቃጫ ከሚነገሩት ስህተቶች የመጀመሪያው ይኸው ነው፤ ሌሎቹም በአብዛኛው ከዚሁ ይቀዳሉ። እውነተኛው ጆንያ ጁት ከሚባል ተክል ልጥ ተፈትሎ የሚሸመን፣ ቡናማና ሸካራ ከረጢት ነው። ማዳበሪያ የምንለው ግን ዩሪያና ኤንፒኤስ 50 ኪሎ 50 ኪሎ ተሞልተው ስለሚመጡበት ስሙን ከጭነቱ የወረሰ፣ ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ነው። መነሻው ነዳጅ እንጂ ማሳ አይደለም። ድርና ማግ ስላለው ጨርቅ ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ግን ጠባዩ ይገለጣል። ጥብጣቡ ይሰባበራል፣ ይበናል፣ አይበሰብስም። ከተቀደደ ማዳበሪያ ክሩ ተተርትሮ የሚገመደው የከብት ማሰሪያም ከዚህ አይለይም፤ ከብቱ በጥሶ የጣለው ቁራጭ ማሳው ውስጥ እያነሰ እያነሰ ይቀራል እንጂ አፈር አይሆንም።

ይህ ሲነገር ቀጥሎ የሚመጣው «እንግዲያው ጁት እንዝራ» የሚል ሐሳብ ነው። ጁት የሚስማማው የቤንጋል ዓይነት ሞቃትና እርጥብ ሜዳ ነው። አራት ወር ገደማ ይበቅላል፤ ከታጨደ በኋላም ልጡ ከግንዱ እንዲላቀቅ ሁለት ሦስት ሳምንት ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ላለችው ደብረ ታቦር፣ የጉና ተራራን ውርጭ ለሚያውቅ ገበሬ ይህ የሚታሰብ አይደለም። ፎገራ ሜዳ ሞቃት ነው፣ በክረምትም ውሃ ይተኛበታል፤ ግን ያን መሬት ሩዝ ይዞታል፣ ጁት የተዘፈዘፈበት ውሃም ኦክስጅኑን አጥቶ ስለሚገማ ጣና ዳር የሚመከር ሥራ አይደለም። የጁት ከረጢታችን በአብዛኛው ከባንግላዴሽና ከህንድ የሚገባ ነው፤ ቡናችንም ወደ ውጭ የሚላከው ብዙውን ጊዜ በ60 ኪሎ የጁት ጆንያ ነው። ይህን ያህል ባሕር ተሻግሮ የመጣ ከረጢት እጅ ከገባ ተጥፎም ቢሆን እስኪያልቅ ድረስ ማገልገል አለበት። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የጁት ክር ሲፈተል እንዲለሰልስ ብዙ ጊዜ የማዕድን ዘይት ይቀባል፤ አዲስ ጆንያ ጋዝ ጋዝ የሚሸተው ለዚህ ነው። ለምግብ ተብሎ የሚሠራው በአትክልት ዘይት የለሰለሰ ነው። ስለዚህ ተራው ጆንያ ለድንችና ለከሰል ቢውል፣ ዱቄትና በሶ ደግሞ በጥጥ ከረጢት ቢያዙ ይሻላል። ፀረ ተባይ ወይም ማዳበሪያ የነበረበት ከረጢት ግን ታጥቦም ቢሆን ለሚበላ ነገር መዋል የለበትም፤ እህል የሚጭን ሰው አዲስ ከረጢት ቢገዛ ይመረጣል።

ከሁሉም ሥር የሰደደው እምነት «ከተፈጥሮ የመጣ ነገር ጉዳት የለውም» የሚለው ነው። የጣና ዳር ሰው ይህን ለማፍረስ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ብርብራ ዛፍ ነው፤ ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲበተን ግን ዓሣውን ከትልቅ እስከ ትንሽ ይጨርሰዋል። ጥጥም ተክል ነው፤ በሰፋፊ እርሻ ሲመረት ግን ብዙ ውሃና ብዙ ፀረ ተባይ ይወስዳል። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት፣ አንድ የጥጥ ቦርሳ በአየር ንብረት ላይ የሚያደርሰው ጫና አንድ ጊዜ ተይዞ ከሚጣል ስስ ፌስታል ጋር እንዲስተካከል 131 ጊዜ መያዝ እንዳለበት አስልቷል። የዴንማርክ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በሁሉም መለኪያዎች እንዲስተካከል ተራው የጥጥ ቦርሳ 7,100 ጊዜ፣ ያለ ኬሚካል ከተመረተ ጥጥ የተሠራው 20,000 ጊዜ መያዝ አለበት ይላል። ያለ ኬሚካል የተመረተው የባሰው ከአንድ ሄክታር የሚገኘው ምርት ስለሚያንስ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ይዞ «ታዲያ ፌስታሉ ይሻላል ማለት ነው» የሚል ተከራካሪ አለ፤ ክርክሩም ተራ አይደለምና በቀላሉ መታለፍ የለበትም። መልሱ ያለው ቁጥሩ በተሰላበት አገር ላይ ነው። ዴንማርክ ውስጥ ፌስታል መጨረሻው የቆሻሻ መያዣ ሆኖ ዘመናዊ ማቃጠያ ውስጥ ገብቶ ሙቀትና ኤሌክትሪክ መስጠት ነው። ሜዳ ላይ የሚወድቀው ጥቂት ነው ተብሎም በስሌቱ አልተካተተም። እኛ ዘንድ ፌስታል መጨረሻው ቦረቦር፣ ከግቢ ጀርባ የሚለኮስ እሳት ወይም የላም ሆድ ነው። በአገራችን ቄራዎች በተደረጉ ምርመራዎች ከከብት ጨጓራ ከሚወጡት ባዕድ ነገሮች በብዛት የሚገኘው ፕላስቲክ ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች ሁለቱም ከጉና ተነስተው ጣና ይገባሉ፤ በጋ ላይ ተዳፋት ላይ የተጣለው የክረምት ጎርፍ ሲመጣ ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነው። እንዲህም ሆኖ ጥናቶቹ የሚያስተምሩትን መቀበል አለብን። የአንድ ዕቃ ዋጋ የሚለካው ከምን ተሠራ በሚለው ብቻ አይደለም፤ ስንት ጊዜ አገለገለና በመጨረሻ የት ወደቀ በሚሉትም ጭምር ነው። በየስብሰባው አርማ ታትሞበት በነፃ የሚታደል የጥጥ ቦርሳ ሳጥን ውስጥ አርጅቶ ቢቀር ለማንም አልጠቀመም። ያረጀ ኩታ ወይም ቡልኮ ተቆርጦ ቢሰፋ ግን አንድም አዲስ ጥጥ አልተዘራለትም፤ ከ131ም ከ7,100ም ነፃ ነው። በእኔ እምነት ከሁሉ የተሻለው የገበያ ቦርሳ ይህ ነው፤ ልብሱ አስቀድሞ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት አገልግሏልና።

«የተፈጥሮ ነገር ደካማ ነው፣ ቶሎ ይበሰብሳል» የሚለው ግማሽ እውነት አለው። ቃጫ ጉልበት ይጎድለዋል የሚል ሰው ከተማዋ ስሟን በምትጋራው የደብረ ታቦር በዓል፣ ነሐሴ 13 አካባቢ፣ በደንብ የተገመደ የቃጫ ጅራፍ ሲጮህ ይስማ። ናይለን ከመምጣቱ በፊት መርከብ የሚታሰረው በዕፅዋት ገመድ ነበር። ድክመቱ ከውሃ ጋር ነው። ጁት ሲረጥብ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ጥጥ በተቃራኒው ይጠነክራል፣ ሁለቱም ግን እርጥብ ሆነው ከከረሙ ይሻግታሉ። የጣናው የደንገል ታንኳ ውሃ እየጠጣ ሲከብድ በጥቂት ወራት ይተካል፤ ይህ ጉድለት የሚሆነው ደንገሉ መልሶ ማብቀያ መሬት ሲያጣ ነው። እህል በማከማቸት ረገድ ደግሞ ፕላስቲክ በግልጽ ይበልጣል፤ ይህን መደበቅ ለገበሬው ታማኝነት አይደለም። ጆንያ ይተነፍሳል፤ ስለዚህ ነቀዝም ውስጡ ይተነፍሳል። ሦስት ሽፋን ያለው የፒክስ ከረጢት ግን አየር አያስገባም፤ ነቀዙ ያለውን ኦክስጅን ይጨርስና ይሞታል፣ መድኃኒት መርጨትም አያስፈልግም። ለጎተራ ይህ ከረጢት፣ ለመጫኛ ቃጫ፣ ለገበያ ዘንቢልና የጥጥ ቦርሳ፤ ለእያንዳንዱ ሥራ የሚስማማውን መምረጥ እንጂ አንዱን ለሁሉ ማድረግ የተፈጥሮ ወዳጅነት አይደለም።

ስንደዶና አክርማ ለቅማ፣ አለላ ነክራ፣ በወስፌ የምትሰፋ ሴት የምትሠራው ሰፌድና መሶብ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ግን ብዙ ሰው ይህን እንደ ጌጥ ወይም እንደ ድህነት ምልክት ያየዋል። ይህ አመለካከት የሚያሳዝን ነው፣ ሥሩም ባለ እጅን የመናቅ ልማድ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከልክለዋል፤ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት ጋፋትም ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። የእጅ ሥራ በዚህ አገር ውርደት የሚሆንበት ምክንያት የለም። ከንቀቱ ይልቅ የሚከብደው የዋጋ ጥያቄ ነው። ፌስታል ሸቀጥ ሲገዙ በነፃ ሲሰጥ የኖረ ነው፤ ዘንቢል ግን ገንዘብ ይጠይቃል። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ስስ ፌስታል ላይ ገደብ ጥሎ ነበር፤ ስሱ ፌስታል ግን ከገበያ አልጠፋም። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ አዋጅ ደግሞ ፌስታልን በጠቅላላ ይከለክላል። የጁት አገር የሆነችው ባንግላዴሽ ፌስታልን እ.ኤ.አ. በ2002 ከዓለም ቀድማ ከልክላለች፤ ጁቱ እጇ ላይ እያለ እንኳ ፌስታሉ ተመልሶ ገባ። ክልከላው እዚህም የሚሠራው ሻጩ ደጃፍ ላይ ሌላ ርካሽ መያዣ ሲገኝ ነው።

ያ መያዣ ከየት ይመጣል ለሚለው፣ በእኔ ግምት ለዚህ አካባቢ ቅርቡ መልስ ከጁት ይልቅ ቃጫ ነው። ተክሉ፣ ሲሳል የሚባለው፣ መነሻው ሜክሲኮ ነው እንጂ ከአባቶቻችን የወረስነው አይደለም፤ የአባቶች ውርስ ነው ማለትም ሌላ የተሳሳተ እምነት ነው። ሆኖም ከውርጩ ዝቅ ባለው ወይና ደጋ ይስማማዋል። ቀዳዳዎቹን ከፍቶ አየር የሚስበው ሌሊት፣ ፀሐይ በሌለበት ስለሆነ ውሃ ይቆጥባል፤ ከብት አይበላውም፤ የቦረቦር ዳር ይይዛል፣ አጥርም ይሆናል። ለእርሻ የሚሆን መሬት መሻማት የለበትም። ችግሩ ድካሙ ነው። ቅጠሉ ተወቅጦ ይፋቃል፣ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ከ100 ኪሎ ቅጠል የሚገኘው ደረቅ ቃጫ 4 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። በእጅ የሚፍቅ ሰው ቀኑን ሙሉ ለፍቶ የሚያገኘው ገመድ ከናይለን ገመድ ጋር በዋጋ ሊወዳደር አይችልም፤ ለማኅበር የሚሆን መፋቂያ ማሽን ከሌለ ሥራው አያዛልቅም። የቀረው 96 ኪሎ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ጭማቂው ቆዳ ያሳክካል፣ ዓሣም ይጎዳል፣ ውሃ ውስጥ ሲበሰብስ ኦክስጅን ይጨርሳል። ጉማራ ደግሞ የጣና ዓሦች በክረምት እንቁላል ሊጥሉ የሚወጡበት ወንዝ ነው። መፋቂያውና ማጠቢያው ከወንዙ ራቅ ብሎ፣ ጭማቂው አፈር ውስጥ የሚሰርግበት ጉድጓድ ኖሮት፣ ተረፈ ቅጠሉም ደርቆ ከእበትና ከገለባ ጋር ለኮምፖስት የሚከመርበት ቦታ መሆን አለበት።