ሁለት ክኒኖች እኩል የሚባሉት መቼ ነው?

ርካሹ ክኒን ከውዱ ጋር እኩል መሆኑ እንዴት ይረጋገጣል? ብዙ ሰው ተነጻጽረው ልዩነት ካልተገኘ እኩል ናቸው ብሎ ያስባል። አደገኛ ስሕተት ነው። በጥቂት ሰዎች ላይ የተሠራ ደካማ ጥናት ትልቅ ልዩነት እንኳ ሊያመልጠው ይችላል።

ስለዚህ ጥያቄው ይገለበጣል።

መነሻው «ይለያያሉ» የሚል ግምት ይሆንና ግምቱን በማስረጃ ማፍረስ የርካሹ ክኒን አምራች ዕዳ ይሆናል። የስታቲስቲክስ ባለሙያው ዶናልድ ሹርማን እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን አካሄድ በግልጽ አሳይቷል።

በተግባር ፈቃደኛ ሰዎች ሁለቱንም ክኒኖች በተለያየ ጊዜ ይወስዳሉ። ደማቸው በተደጋጋሚ እየተቀዳ፣ መድኃኒቱ ደም ውስጥ የደረሰበት ከፍተኛ መጠንና በጠቅላላው የገባው መጠን ይለካሉ፤ የአዲሱ (የርካሹ) ክኒን አማካይም ለነባሩ (ለውዱ) ይካፈላል። በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር መደበኛ መስፈርት፣ የውጤቱ 90 በመቶ የመተማመኛ ክልል (እውነተኛው ውጤት ይገኝበታል ተብሎ የሚገመተው ክልል) ከ80 እስከ 125 በመቶ ውስጥ ማረፍ አለበት።

ይህን የሰማ ሰው «መድኃኒቱ 20 በመቶ ይጎድላል ማለት ነው?» ብሎ ይደነግጣል። አይደለም። አማካዩ ብቻ ሳይሆን ክልሉ በሙሉ በድንበሩ ውስጥ መግባት ስላለበት፣ አማካዩ ወደ ጠርዝ የተጠጋ ክኒን አብዛኛውን ጊዜ ይወድቃል። ትንሽ የመጠን ለውጥ ብርቱ ጉዳት ለሚያስከትልባቸው እንደ ዋርፋሪን ላሉ መድኃኒቶች ደግሞ መስፈርቱ ከዚህም ይጠብቃል።