ተሠርቶ የሚመጣ ወጥ፦ የምንከፍለው ለምኑ ነው?

ባለፈው ክረምት የቀኝ ዓይኔ የሞራ ግርዶሽ በቀዶ ሕክምና ተነሣልኝ። ሐኪሙ ለጥቂት ሳምንታት ከጭስ፣ ከእንፋሎትና ከከባድ ዕቃ እንድርቅ አዘዘኝ። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ የቤታችን ማድ ቤት በእኔ እጅ ስለሆነ ጭንቀቴ ከዓይኔ ይልቅ ለድስቱ ነበር።

ልጄ ነገሩን በአንድ ቃል ፈታችው። "እማዬ፣ አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ። ተሠርቶ የሚሸጥ አለ" አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሥራ ስትመለስ ዶሮ ወጥ፣ ምንቸት አብሽ፣ ምስርና ሽሮ በታሸገ ዕቃ ይዛ ትገባለች። ዕቃው ያምራል፣ ስሙ በወርቅማ ቀለም ተጽፎበታል። የምታመጣው ደግሞ ርካሹን ሳይሆን ውዱን ነው። ዋጋውን ስጠይቃት "ተይው እማዬ" ትለኛለች። አንድ ማታ ግን ደረሰኙ ከቦርሳዋ ወደቀ። በአንድ ዓይኔም ቢሆን ቁጥሩ ጥርት ብሎ ታየኝ።

የዛሬው ጽሑፌ ከዚያ ደረሰኝ የተነሣ ነው። እናት "ገንዘብ ማባከን ነው" ትላለች፤ ልጅ "ጊዜ የለኝም" ትላለች። ይህ ክርክር ዛሬ በብዙ ቤት አለ። እኔም በእናትነቴ ልከራከር ተነሥቼ ነበር፤ መጨረሻ ላይ የቆምኩት ግን ካሰብኩት ቦታ አይደለም።

በሰዓት ስንቆጥረው

ዓይኔ ሲሻለኝ አንድ እሑድ ደብተርና ሰዓት አጠገቤ አድርጌ ዶሮ ወጥ ሠራሁ። ብሩን እዚህ አልጽፈውም፤ ይህ ጋዜጣ እጃችሁ እስኪገባ ድረስ የሽንኩርት ዋጋ ሊለወጥ ይችላል። በንጽጽር ልንገራችሁ። ዶሮዋን፣ ሦስት ኪሎ ሽንኩርቱን፣ በርበሬውን፣ ቅቤውን፣ ዘይቱን፣ እንቁላሉንና የመብራቱን ግምት ደምሬ ያገኘሁት፣ ልጄ ለዚያው መጠን ከከፈለችው ከግማሽ ጥቂት የሚበልጥ ነበር። ይህን ይዤ ላሸንፋት ተዘጋጀሁ።

ከዚያ የሰዓቱን ገጽ ገለጥኩ። ሽንኩርቱን መላጥና ማድቀቅ አንድ ሰዓት ከሩብ። ዶሮዋን መለብለብ፣ አሥራ ሁለት ብልት ማውጣትና በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ አንድ ሰዓት። ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት ማብሰል፣ ቀጥሎ በዘይትና በበርበሬ ማቁላላት፣ እንዳያር ውኃ ጠብ እያደረጉ ማማሰል ሁለት ሰዓት ተኩል። ሥጋው ገብቶ እስኪበስል፣ መከለሻው ተጨምሮ እንቁላሉ እስኪገባ ሌላ አንድ ሰዓት። ድስት ማጠቡን ሳልጨምር ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሆነ።

ልጄ ደብተሩን አይታ ሳቀች። እሷ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከቤት ትወጣለች፤ የታክሲው ሰልፍና መንገዱ ተጨምሮ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ትመለሳለች። "እማዬ፣ ይህን ስድስት ሰዓት ከየት ላምጣው? የልጆቹን የቤት ሥራ ልተው ወይስ እንቅልፌን?" አለችኝ።

መልስ አጣሁ። ያጣሁትም የራሴን ታሪክ ስለማውቀው ነው። ጤና ጣቢያ ስሠራ፣ የሌሊት ተረኛ ሆኜ ሳድር፣ ልጆቼ ትኩስ ወጥ ሲበሉ ያደጉት እኔ ባለሙያ ስለሆንኩ አልነበረም። እናቴ ከእኛ ጋር ትኖር ስለነበረ ነው። ሽንኩርቱን የምትከትፈው እሷ፣ ቁሌቱን የምታማስለው እሷ ነበረች። የእሷን ሰዓት በየትኛውም ሒሳብ ውስጥ አስገብቼው አላውቅም። እናቴ ለእኔ በነፃ የሰጠችኝን ነው ልጄ ዛሬ በገንዘብ የምትገዛው። "የዛሬ ልጆች ሙያ የላቸውም" የምንል አያቶች ከመናገራችን በፊት በእኛ ጊዜ ድስቱን ማን ያማስል እንደነበር እናስታውስ።

ስለዚህ ለሰዓት መክፈል አያሳፍርም። የሰዓቱን ክፍያ ስንከፍል ግን ጤናም አብሮ የተገዛ ይመስለናል። እኛ ቤት የተፈጠረው ስህተት ይህ ነው።

የባለቤቴ እግር

ባለቤቴ የደም ግፊት ካለበት ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። መድኃኒቱን ይወስዳል፣ እኔም ጨው እቀንስለታለሁ፤ ግፊቱ ከ130 በ80 ብዙ አይርቅም ነበር። ወጥ መግዛት ከጀመርን ሁለት ሳምንት ተኩል ሲሆነን፣ አንድ ማታ ካልሲውን ሲያወልቅ የላስቲኩ ምልክት ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጠልቆ አየሁ። በጣቴ ስጫነው ጎድጉዶ ቀረ። በማግስቱ ጠዋት ስለካው 158 በ94 ሆነ። ሦስት ቀን በተመሳሳይ ሰዓት ለካሁት፤ አልወረደም። የመድኃኒቱን ፍሬ ቆጠርኩ፤ አንድም ቀን አላቋረጠም። "ምን ተለወጠብህ?" ብለው "ምንም። እንዲያውም ሰሞኑን ምግቡ ጣፍጦኛል" አለኝ። ያን ጊዜ ገባኝ።

ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። እግር ሲያብጥ ልብና ኩላሊት መታየት ስላለባቸው ምርመራው ተደረገለት፤ ደህና ነበር። ወደ ቤት ምግብ ከተመለስን በሁለተኛው ሳምንት ላይኛው ቁጥር 136 ገባ፣ የእግሩ እብጠትም ጎደለ። በአንድ ሰው ብቻ ነገር እንደማይረጋገጥ አውቃለሁ። የጨውና የደም ግፊት ዝምድና ግን የቆየ እውቀት ነው። ጨው ሲበዛ ሰውነት ውኃ ይይዛል፣ በደም ሥር ውስጥ የሚዞረው ፈሳሽ ይጨምራል፣ ግፊቱም ከፍ ይላል። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ሰውነት ይህን የመቋቋም አቅሙ ይቀንሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ለጥ ብሎ ቢሞላ ማለት ነው። በዳቦው፣ በወጡና በሰላጣው ውስጥ ያለው ሁሉ ተደምሮ ነው ታዲያ። ተሠርቶ በሚሸጥ ምግብ ላይ ጨው የሚበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። ጨው ከሁሉም የረከሰ ማጣፈጫ ነው። ሻጭ ደግሞ "ጨው በዛበት" ከሚለው ደንበኛ ይልቅ "አልጣፈጠኝም" ብሎ ሳይመለስ የሚቀረውን ይፈራል። ዋጋው መወደዱም ጨውን አይቀንሰውም። ትርፉ ገንዘብ ለተሻለ ቅቤ ሊሆን ይችላል፤ ለማሸጊያው፣ ለማድረሻውና ለሱቁ ኪራይም ሊሆን ይችላል።

ልጄ በዕቃው ላይ ወዳለው ስልክ ደውላ "አንዱ ዕቃ ውስጥ ምን ያህል ጨው አለ?" ብላ ጠየቀች። "እንደ ደንቡ ነው የኔ እህት" ተባለች። ያን ሁሉ ከፍለን ያገኘነው መልስ ይኸው ነበር። በኋላ እዚያው ሰፈራችን በትእዛዝ ወጥ የሚሠሩ ሴት አገኘን። እሳቸው ገና ሳንጠይቃቸው "ለስንት ሰው ነው? ጨው የተከለከለ ሰው አለ?" አሉን። ዋጋቸው ከሌላው አይረክስም፤ ግን ምን እንደገዛን እናውቃለን።

ከመግዛታችን በፊት

የተሠራበትና የሚያበቃበት ቀን ሁለቱም መጻፋቸውን እዩ። "ትኩስ" የሚል ጽሑፍ ቀን አይደለም።

የይዘት ዝርዝር ካለው፣ የሚጻፈው ከብዙው ወደ ጥቂቱ ነው። ዘይት ወይም ስኳር ከፊት ከተሰለፈ የከፈላችሁት ለእሱ ነው።

ብዙ ጊዜ "ጨው" ሳይሆን "ሶዲየም" ተብሎ ይጻፋል። ሶዲየሙን በ2.5 አባዙት። 800 ሚሊግራም ሶዲየም ማለት 2 ግራም ጨው ነው፤ ለቀኑ ከተፈቀደው ከአምስት ሁለት እጅ በአንድ ጊዜ ሄደ ማለት ነው። ቁጥሩ ለ100 ግራም ይሁን ለሙሉው ዕቃ መጻፉንም ልብ በሉ።

ዕቃውን በእጃችሁ ዳስሱት። ቀዝቃዛ ከሆነ በደንብ የቀዘቀዘ፣ ትኩስ ከሆነ በደንብ የሚያቃጥል መሆን አለበት። ለብ ያለ ወጥ ተዉት፤ ተሐዋስያን የሚራቡት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት መካከል ነው።

ቤት ከገባ በኋላ

የበሰለ ምግብ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ። ማሸጊያው ማማሩ ወጡን ከመበላሸት አያድነውም። መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣውን አትክፈቱ፤ ተዘግቶ ከቆየ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ከዚያ ካለፈ ወጡን መጣል ግድ ሊሆን ነው። ስታሞቁ የሚበላውን ያህል ብቻ ቀንሱና እስኪንተከተክ አሙቁት። ሙሉውን ድስት እያሞቁ መልሶ ማስገባት ጥሩ ልማድ አይደለም።

ሕፃናት ላሉበት ቤት

ሕፃን እስከ ስድስት ወሩ የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ተጨማሪ ምግብ ሲጀምር፣ ዓመት እስኪሞላው ጨው አይጨመርለት፣ ማርም አይቅመስ። ለአዋቂ የተሠራውን የታሸገ ወጥ "ትንሽ ፍትፍት ብቻ" እያልን አናጉርሰው። ከውጭ የሚገባውን ውድ የሕፃን ምግብ መግዛት ያልቻለች እናትም አትሸማቀቅ። ከእህልና ከጥራጥሬ ተመጥኖ በተፈጨ ዱቄት የተሠራ፣ ወፈር ያለ ገንፎ፣ በደንብ የበሰለ እንቁላልና የተፈጨ አትክልት ሲታከልበት ልጅ ያሳድጋል። ዱቄቱ ግን ሻጋታ የነካው መሆን የለበትም፤ ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ በማብሰል አይጠፋም። ለበርበሬና ለሽሮም ነገሩ ያው ነው።

የትኛው ይገባዋል?

አያቶቻችን ዝግጁ ምግብ አያውቁም የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። ምጥን ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ በሶ፣ የተነጠረ ቅቤ ምን ነበሩ? ከባዱን ሥራ በአንድ ቀን ጨርሰው፣ በየቀኑ የሚቀረውን ቀላል ያደርጉት ነበር። እኔም በዚሁ መንገድ አስቤ ደብተሬ ላይ ሁለት ዝርዝር ጻፍኩ።

ዋጋ ቢከፈልባቸው የሚገባቸው ሰዓት የሚበሉት ናቸው፦ ጨው ያልገባበት ቁሌት፣ ታጥቦና ተበልቶ የሚሸጥ ዶሮ፣ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ የተጋገረ እንጀራ። እነዚህን ገዝተን ስናበቃ ጨውም፣ ዘይትም፣ ቅቤም ገና በእጃችን ናቸው።

የማይገባቸው ደግሞ ፈጥነው የሚደርሱት ናቸው። ሽሮ በሃያ ደቂቃ ይደርሳል፤ በወርቅማ ዕቃ አሽጎ እጥፍ የሚያስከፍለንን ሰው ለምን እናበለጽጋለን? ሰላጣ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ጎመንም እንደዚያው ናቸው። የታሸገ ጭማቂ በፍሬው መተካት ይሻላል።

የታመመ ሲኖር፣ አራስ ሲኖር፣ ለቅሶ ሲደርስ ወይም እንደ እኔ ዓይኗን የታሰረች ስትኖር ሙሉውን ወጥ መግዛት ነውር የለውም። ብቻ የግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመምተኛ በቤቱ ካለ ለእሱ ለብቻ ይታሰብ።

አሁን እኛ ቤት በወር አንድ ቅዳሜ የቁሌት ቀን ሆኗል። ባለቤቴ እያለቀሰ ሽንኩርት ይልጣል፣ ልጄ ታማስላለች፣ እኔ ቀዝቅዞ በየዕቃው ሲገባ ቀኑን እጽፍበታለሁ። ጨው አይገባበትም። በሥራ ቀን ማታ ልጄ አንዱን አውጥታ ምስር ወይም ሥጋ ትጨምርበታለች፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ እራት ይደርሳል።

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ልደት ነበር። ዶሮ ወጡን ለሰፈራችን ሴትዮ አዘዝን። ልጄ የከፈለችውን ራሷ ነገረችኝ፤ ውድ ነው። እሷ ግን ያን ቅዳሜ ከልጆቿ ጋር ዋለች፣ ለአባቷም ጨው የቀነሰ ወጥ በትንሽ ድስት ለብቻው መጣለት። ቀምሶ "ጨው አንሶታል" አለ። በማግስቱ ጠዋት ለካሁት። 132 በ80።